ላም አለኝ በሰማይ፦ የቤዝቦል ቻናል እጥረት “ማንንም አልጎዳም” ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው አንድ ጽሑፍ አለ። የአሜሪካ ቤዝቦልን የሚያሳዩት የአካባቢ ስፖርት ቻናሎች ብዙ ቤት አለመግባታቸው የሚወራውን ያህል ጉዳት አላደረሰም ይላል። በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ቁጥሮቹም አብዛኞቹ ልክ ናቸው። መደምደሚያው ግን ከቁጥሮቹ የሚወጣ ስላልሆነ መልስ ያስፈልገዋል።

የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ክለቦች የሚከፈላቸው በውል ስለሆነ ቻናሉ ጥቂት ቤት ቢገባም ገንዘቡ አይቀርም፤ ለዚህ የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስ በምስክርነት ይጠራሉ። ሁለተኛ፣ ቤቱ ተቀምጦ ማየት ያልቻለ ሰው ስታዲየም ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ቻናሉን ያጣ ደጋፊ የሊጉን የኢንተርኔት ስርጭት፣ ኤምኤልቢ ቲቪን፣ መግዛት ይችላል። አራተኛ፣ ጥፋተኛ ከተፈለገም የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎቹ ናቸው። አምስተኛ፣ አሮጌዎቹ ቻናሎች እየከሰሩ ስለሆነ ችግሩ በራሱ ጊዜ እየተፈታ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዶጀርስ ነገር እውነት ነው። ክለቡ ከታይም ዋርነር ኬብል ጋር የተዋዋለው ለ25 ዓመት በ8.35 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ በአማካይ በዓመት 334 ሚሊዮን ማለት ነው። ከውሉ የተወለደው ቻናል፣ ስፖርትስኔት ኤልኤ፣ በ2014 ሥራ ሲጀምር የሳተላይት ኩባንያው ዳይሬክቲቪና ሌሎቹ አከፋፋዮች አንገዛም አሉ። ከአካባቢው ቤቶች 70 በመቶ ገደማው ቻናሉን ሳያገኝ ቀረ፤ ዳይሬክቲቪ የተስማማው በ2020 ነው። በነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ የክለቡ ካዝና አልጎደለም።

ደጋፊውስ? ቪን ስኩሊ ለዶጀርስ 67 የውድድር ዘመን ጨዋታ ያስተላለፈ ሰው ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የሠራው አብዛኛው የከተማው ሰው በማያገኘው ቻናል ላይ ነበር። ቻናሉ የሌለው ሰው ድምፁን በሬዲዮ የሚሰማው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢኒንግ (የጨዋታው ዙሮች) ብቻ ነው፤ ከአራተኛው ጀምሮ ሬዲዮው ወደ ሌሎች አስተላላፊዎች ይዞራል። በ2016 ስኩሊ ጡረታ ሊወጣ ስድስት ጨዋታ ሲቀረው ኬቲኤልኤ የተባለው የከተማው ነፃ ጣቢያ አብሮ እንዲያስተላልፍ ተፈቀደ። “ማንም አልተጎዳም” ማለት የሚቻለው ደጋፊውን ከሒሳቡ ካወጡት ብቻ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን በየክለቡ እንደ ዶጀርስ አልሆነም። ዶጀርስ የተረፈው ጉዳቱን የሚሸከምለት ትከሻው ሰፊ ገዢ ስላገኘ ነው፤ በመጀመሪያ ታይም ዋርነር ኬብል፣ ከ2016 በኋላ ደግሞ እሱን የጠቀለለው ቻርተር። ሂዩስተን እንዲህ አልታደለችም። በ2012 መገባደጃ የተከፈተው ቻናል፣ ሲኤስኤን ሂዩስተን፣ ንብረትነቱ የከተማው ቤዝቦል ክለብ የአስትሮስ፣ የቅርጫት ኳሱ ሮኬትስና የኬብል ኩባንያው የኮምካስት ነበር፤ ትልቁ ድርሻ፣ 46 በመቶ ገደማ፣ የአስትሮስ ነው። አከፋፋዮቹ ዳይሬክቲቪ፣ ዲሽና ኤቲ ኤንድ ቲ አንገዛም ስላሉ ቻናሉ የደረሰው ከከተማው ቤቶች 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ዓመት ሳይሞላው የኪሳራ መዝገብ ተከፈተበት፤ ለክለቡ የሚገባው ክፍያም ተቋረጠ። በ2014 መጨረሻ ዳይሬክቲቪና ኤቲ ኤንድ ቲ ሲረከቡት የአስትሮስ የባለቤትነት ድርሻ ባዶ ሆኖ ቀረ።

በሴፕቴምበር 22 ቀን 2013 አስትሮስ ከክሊቭላንድ ጋር ያደረገው ጨዋታ በኒልሰን የቴሌቪዥን ተመልካች መለኪያ 0.0 ማምጣቱ በወቅቱ መሳቂያ ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሚዛናዊ መሆን ይገባል። 0.0 ማለት አንድም ሰው አላየም ማለት አይደለም፤ ለመለኪያ ከተመረጡት ቤቶች የሚመዘገብ ያህል ተመልካች አልተገኘም ማለት ነው። የአሜሪካ እግር ኳሱ ቴክሳንስም በዚያው ሰዓት ይጫወት ነበር፤ አስትሮስ ራሱ በዚያ ዓመት 111 ጨዋታ ተሸንፏል። ነገር ግን ደካማ ቡድንም ቢሆን ቻናሉ በየቤቱ ካለ፣ ቻናል ሲቀያይር ድንገት ገብቶ የሚያይ ሰው አያጣም። አስትሮስ ያጣው እንዲህ ያለውን ተመልካች ነው።

“ክፍያው አይቀርም” የሚለው ሐሳብ የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት ገንዘቡ እንዴት እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል። ቻናሉ ከአከፋፋዩ በየወሩ በደንበኛ ቁጥር ልክ ይቀበላል። ደንበኛው ጨዋታ ቢያይም ባያይም፣ ቻናሉ የገዛው ጥቅል ውስጥ እስካለ ድረስ ይከፍላል። ለምሳሌ አንድ ሚሊዮን ቤት በወር 5 ዶላር ቢያስከፍል በዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ከሦስት ደንበኛ አንዱ ኬብሉን ቢያቋርጥ 40 ሚሊዮን ይቀራል። ለክለቡ የሚከፈለው ግን በውሉ መሠረት በየዓመቱ ይጨምራል። ቻናሉ ጉድለቱን ለመሙላት ዋጋ ሲያስወድድ አከፋፋዩ ቻናሉን ጨርሶ ከጥቅሉ ያወጣዋል፤ ያኔ 40 የነበረው 25 ይሆናል። ክለቦቹ ለዓመታት የኖሩት በአመዛኙ ቤዝቦል በማያይ ሰው ገንዘብ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ኬብሉን ለመተው የመጀመሪያው ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። የቴሌቪዥን ኩባንያው ሲንክሌር በ2019 ከዲዝኒ 21 የአካባቢ ስፖርት ቻናሎችን በ10.6 ቢሊዮን ዶላር ግምት ሲገዛ ከ8 ቢሊዮን በላይ ዕዳ ጭኖባቸው ነበር። በዚያው ዓመት ዲሽ ቻናሎቹን አወጣቸው፤ በ2020 የኢንተርኔት አከፋፋዮቹ ዩቲዩብ ቲቪና ሁሉ (Hulu) ተከተሉ። ቻናሎቹን የያዘው ዳይመንድ ስፖርትስ ግሩፕ በማርች 14 ቀን 2023 ሂዩስተን ፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በሜይ መጨረሻ ለሳን ዲዬጎው ፓድሬስ መክፈል የነበረበትን ሳይከፍል ቀረ፤ ሊጉ ራሱ ካሜራና አስተላላፊ አሰማርቶ በማግስቱ ጨዋታውን አስተላለፈ። በጁላይ አሪዞና ዳይመንድባክስ ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው፤ ያ ቡድን በዚያው ዓመት ለዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ ነው። ሊጉ ለሁለቱም የጎደላቸውን ገቢ እስከ 80 በመቶ ሊሞላላቸው ቃል ገብቶ ነበር፤ ለ2023 ብቻ።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ቢጠቅሱት ግን የሚጠቅማቸው አንድ ነጥብ አለ፦ ክለቦች ከተጣራ የአካባቢ ገቢያቸው 48 በመቶውን ወደ ጋራ ቋት አስገብተው ለ30 እኩል ይካፈላሉ። የአንዱ ቻናል መውደቅ ያን ያህል አያንኮታኩትም የሚባለው ለዚህ ነው። የብዙዎቹ ቻናል አንድ ላይ ሲወድቅ ግን ቋቱ ራሱ ይጎድላል።

ገንዘብና ስርጭት አብረው ሲቀንሱ ምን እንደሚመጣ ለማየት ሚኒሶታ ትዊንስን ማየት በቂ ነው። ትዊንስ በ2023 የ18 ጨዋታ የጥሎ ማለፍ ሽንፈት ሰንሰለቱን በጠሰ፤ ከ2002 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም አንድ ዙር አለፈ። ደጋፊው ገና እየሞቀ ነበር። በዚያው መጸው በዓመት 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያመጣ የነበረው የቴሌቪዥን ውል አለቀ፤ ክለቡም የተጫዋቾች ደመወዝ ወጪውን በ30 ሚሊዮን ያህል ቀነሰ። የቡድኑ ዋና ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ሰኒ ግሬይ በሦስት ዓመት 75 ሚሊዮን ወደ ሴንት ሉዊስ ሄደ። ክለቡ ሌላ አማራጭ ስላጣ ከዚያው የዳይመንድ ቻናል ጋር በአነስተኛ ዋጋ ለአንድ ዓመት ተዋዋለ።

በሜይ 1 ቀን 2024 ደግሞ የትዊንስ መኖሪያ የሆኑት የሚኒያፖሊስና የሴንት ፖል ዋናው የኬብል ኩባንያ ኮምካስት ቻናሉን አወጣው። የአንዳንድ ሌሎች ክለቦችን ጨዋታ የቻናሉ አፕሊኬሽን በወር ክፍያ ያሳይ ነበር፤ የትዊንስን ጨዋታ በአፕሊኬሽን የማሳየት መብት ግን ቻናሉ በዚያ ዓመት አልነበረውም። ስለዚህ የኮምካስት ደንበኛ ምርጫው ወደ ዳይሬክቲቪ ወይም ፉቦ መዞር፣ ወይም ሬዲዮ ነበር። ቻናሉ የተመለሰው በኦገስት 1 ነው፤ እሱም ወደ ውዱ ጥቅል ተዛውሮ። ቡድኑ ከመጨረሻዎቹ 39 ጨዋታዎች 27ቱን ተሸንፎ ከጥሎ ማለፍ ውጭ ሆነ። ጉዳትም ድካምም ስለነበረ ሽንፈቱን ሁሉ በቴሌቪዥን ማሳበብ አይቻልም። የደመወዝ ቅነሳውን ግን የክለቡ ኃላፊዎች ራሳቸው በግልጽ ከቴሌቪዥን ገቢው ጋር አያይዘውታል።

“ቤቱ ያላየ ስታዲየም ይመጣል” ለሚለው መልሱ ከዚሁ ይጀምራል። የትዊንስ ስታዲየም ተመልካች በ2024 ከ2023ቱ በትንሹ ቀነሰ። ሂዩስተን ውስጥ አብዛኛው ሰው ቻናል ባልነበረው በ2013 ወደ ስታዲየም የመጣው 1.65 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ይህ ከሊጉ ግርጌ አካባቢ ነው። የዶጀርስ ተመልካች ከሁሉ በላይ መሆኑን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ክለቡ በ2013፣ ማለትም ቻናሉ ከመፈጠሩ በፊት፣ በ3.74 ሚሊዮን አንደኛ ነበር፤ በ2014 3.78 ሚሊዮን ሆነ። የአንድ በመቶ ጭማሪ ነው። ከሊጉ ትልቁ የሆነ 56,000 መቀመጫ፣ በየዓመቱ ጥሎ ማለፍ የሚገባ ቡድን፣ ደመወዝ የማይሰስቱ አዲስ ባለቤቶች፤ ቻናሉን ሳይጨምሩ ይህን ሁሉ ማስረዳት ይቻላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቺካጎው የበረዶ ሆኪ ቡድን ብላክሆክስ ባለቤት የነበሩት ቢል ዊርትስ ቲኬት የገዛውን ሰው ላለማስቀየም ሲሉ የሜዳቸውን ጨዋታ በአካባቢው ቴሌቪዥን አያሳዩም ነበር። በ2007 ሲያርፉ ልጃቸው ያንን ሻረ፤ አዳራሹ ባዶ አልሆነም፣ ይልቁንም ሞላ። ቡድኑም እየተሻሻለ ስለነበር ምስጋናው ለቴሌቪዥን ብቻ አይሰጥም። ከቤዝቦል ወገን ካስፈለገም፣ አትላንታ ብሬቭስ በቲቢኤስ፣ ቺካጎ ከብስ በደብሊውጂኤን በመላ አገሪቱ ይታዩ በነበሩባቸው አሥርት ዓመታት ስታዲየማቸውን ረግጦ በማያውቅ ሰው ዘንድ ደጋፊ አፍርተዋል።

ከቁጥሩ በላይ ደግሞ ቀላል ሒሳብ አለ። የውድድር ዘመኑ 162 ጨዋታ ነው፤ 81ዱ በሰው ሜዳ ነው። ለእነዚያ የሚገዛ ቲኬት የለም።

የኤምኤልቢ ቲቪ ነጥብ በጸሐፊው ክርክር ውስጥ ከሁሉ የደከመው ነው፤ ብዙ አንባቢ አምኖ ገንዘቡን ስለሚያወጣበት ግን ሰፋ አድርጎ መመለስ ይገባል። ሊጉ አገሪቱን በክልል ሸንሽኖ ለክለቦቹ አከፋፍሏል። በክልሉ ውስጥ የሚኖር ሰው የዚያን ክለብ ጨዋታ፣ በሜዳውም ከሜዳው ውጭም፣ በኤምኤልቢ ቲቪ በቀጥታ ማየት አይችልም፤ ብላክአውት የሚሉት ይህን ነው። ምክንያቱ የአካባቢው ቻናል ለብቸኛ መብት መክፈሉ ነው። ችግሩ ክልሉ የሚሠመረው ቻናሉ በሚደርስበት ልክ አለመሆኑ ነው። ቻናሉ ባልገባበት ቤትም ክልከላው ይሠራል።

ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ወገናችን የዋሽንግተኑን ቡድን ናሽናልስን ለማየት ብሎ ኤምኤልቢ ቲቪ ብቻውን ቢገዛ፣ የማይታየው ቡድን ናሽናልስ ነው። ባልቲሞር ኦሪዮልስም ተዘግቶበታል፤ ሁለቱ አንድ ክልል ይጋራሉና። የሲያትልን ጨዋታ ግን እንደ ልቡ ያያል።

አዮዋ የባሰባት ናት። ግዛቷ አንድም ቡድን የላትም፤ ስድስት ቡድኖች ግን ተዘግተውባታል፦ ከብስ፣ ዋይት ሶክስ፣ ካርዲናልስ፣ ብሩወርስ፣ ሮያልስና ትዊንስ። ለዋና ከተማዋ ለዲ ሞይን ከሁሉም የሚቀርበው የካንሳስ ሲቲ ስታዲየም ነው፤ እሱም 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስድስት ከ30 ሲታይ 20 በመቶ ብቻ ይመስላል። በአንድ ቀን ግን 15 ጨዋታ ነው የሚደረገው፤ ስድስቱ እርስ በርስ ካልተገናኙ ከ15ቱ ስድስቱ ይዘጋሉ፣ 40 በመቶ። ላስ ቬጋስም ስድስት ቡድን የተዘጋባት ከተማ ናት።

መግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚኖርበትን ዚፕ ኮድ ሊጉ ባዘጋጀው የክልከላ ማረጋገጫ ውስጥ አስገብቶ የትኞቹ ክለቦች እንደሚዘጉበት ይይ። ስልክ ላይ አፕሊኬሽኑ የሚያምነው የክፍያ ካርዱን አድራሻ ሳይሆን መሣሪያው ያለበትን ቦታ ነው፤ ለጉብኝት ሌላ ከተማ የሄደ ሰው የዚያ ከተማ ቡድን ይዘጋበታል። በቪፒኤን አልፋለሁ ማለት የአገልግሎቱን ውል መጣስ ነው፤ ጂፒኤስ በሚያነብ ስልክ ላይ ደግሞ ብዙም አይሠራም። የተዘጋው ጨዋታ ካለቀ 90 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቅጂው ይለቀቃል፤ ውጤቱን ሳይሰማ መቆየት ለሚችል ሰው መልካም ነው። በድምፅ ብቻ የሚሰማው የሬዲዮ ስርጭት በዓመት 30 ዶላር ያህል ሲሆን የክልል ክልከላ የለበትም። ደጋፊዎች በ2012 ክልከላውን በፍርድ ቤት ሞግተው በ2016 ሲስማሙ ያገኙት የዋጋ ቅናሽና የአንድ ቡድን ጥቅል ነው፤ ሙሉው 109.99፣ የአንድ ቡድኑ 84.99 ዶላር። የራስ ክልል ክልከላ በመሠረቱ ባለበት ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ዛሬ ብዙ ቻናሎች በቀጥታ ለተመልካች እንደሚሸጡ ጸሐፊው ቢጠቅሱ ልክ በሆኑ ነበር። ቦስተን ውስጥ የሬድ ሶክስ ክለብን ጨዋታ የሚያሳየው ቻናል ኔሰን ከ2022 ጀምሮ በወር 29.99 ዶላር ይሸጣል። ያ ግን ከኤምኤልቢ ቲቪ የተለየ ሌላ ክፍያ ነው፤ አፕል ብቻ የሚያሳያቸው የአርብ ማታ ጨዋታዎችም በሁለቱም ውስጥ የሉም።

ጥፋቱ የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች ነው በሚለው ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ድረስ ትክክል ናቸው። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2016 ዳይሬክቲቪን የከሰሰው የዶጀርስን ቻናል ማንም እንዳይገዛ ከተፎካካሪዎቹ ጋር መረጃ ተለዋውጧል ብሎ ነው፤ በ2017 በስምምነት ተዘጋ። ሌላው ግማሽ ግን አለ። ለዚያ ቻናል በአንድ ደንበኛ በወር 5 ዶላር ገደማ ነበር የተጠየቀው፤ ለሚፈልግ ብቻ ተለይቶ ይሸጥ ሲባል ሻጩ እንቢ አለ። ሁሉም ይክፈል ያለው ወገን፣ ሁሉም አልከፍልም ሲል ሊደነቅ አይገባም።

ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ኬብሉ ሳይሆን ሊጉ ራሱ ነው ነገሩን የቋጠረው። ሞንትሪያል ኤክስፖስ በ2005 ወደ ዋሽንግተን መጥቶ ናሽናልስ ሲባል፣ የባልቲሞርን ባለቤት ለማባበል የሁለቱም ቡድን ስርጭት ማስን ለሚባል ቻናል ተሰጠ፤ አብዛኛው ድርሻ ለኦሪዮልስ። ኮምካስት ቻናሉን ሳይዝ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመንና የሁለተኛው አብዛኛው ክፍል አለፈ፤ አዲሱ ቡድን ከአዲስ ከተማው ጋር ሊተዋወቅ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነበር። በስርጭት ክፍያው ላይ የተነሳው የሁለቱ ክለቦች ሙግት ያለቀው በማርች 2025 ነው። ይኸው ቻናል በሰሜን ካሮላይና ታይም ዋርነርን ከሶ በመጨረሻ ተረታ። እዚያ ያለው ደጋፊ ግን ኬብሉ ቻናሉን ሳይሰጠው፣ ሊጉም በክልል ስም ከልክሎት በመሃል ቀረ።

“ችግሩ እየተፈታ ነው” የሚለው የመጨረሻው ነጥብ ስርጭትንና ገንዘብን ያደባልቃል። ስርጭቱ በርግጥ ተሻሽሏል። ሊጉ ከተረከበ በኋላ ፓድሬስ መድረስ የሚችለው ቤት ከአንድ ሚሊዮን ከትንሽ በላይ ተነስቶ ከሦስት ሚሊዮን አለፈ። በ2024 የፓድሬስ ስታዲየም እስከዚያ ድረስ በክለቡ ታሪክ ከፍተኛ የሆነውን ተመልካች አስተናገደ፤ “ቤቱ ያየ ስታዲየም አይመጣም” ለሚለውም ይህ ጥሩ መልስ ነው። ገንዘቡ ግን ሌላ ነው። ቀደም ሲል የጠቀስነውን 60 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ሽያጭ ለመተካት፣ በወር 20 ዶላር ለስድስት ወር 120 ዶላር የሚከፍል 500,000 ቤት ያስፈልጋል፤ ይህም የአፕሊኬሽን መደብሩ የሚቆርጠውና የስርጭቱ ወጪ ሳይነሳ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ አብዛኛው ያቋርጣል፣ በሚቀጥለው ማርች እንደገና ማግባባት ነው።

ሊጉ ያሰበው የአገር አቀፍ ውሎቹ በ2028 ሲያልቁ የሁሉንም ክለብ የአካባቢ መብት አንድ ላይ ሰብስቦ መሸጥ ነው። ያ ከሆነ የክልል ክልከላውን ማንሳት ይቻላል። ግን የሬድ ሶክስ ባለቤቶች ኔሰንን ይዘዋል፤ ያንኪስ “የስ” በተባለው ቻናል፣ ከብስ “ማርኪ” በተባለው ቻናል ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ የዶጀርስ ውል ከ2028 በኋላ ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 1 ቀን 2026 የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ያበቃል፤ ትልልቆቹ ክለቦች የቴሌቪዥን ገቢያቸውን ለጋራ ቋት ይስጡ አይስጡ የሚለውም በዚያው ድርድር ዙሪያ የሚነሳ ነው። ጸሐፊው “በራሱ ጊዜ እየተፈታ ነው” ያሉት ጉዳይ ለእነዚህ ክለቦች ገና አልተጀመረም።